ሳይሸከም የተለካ ብረት

ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ።

እንደገና ተጫንኩት። ግማሽ ዙር። ከእንቅልፉ ቀና ብሎ «ማነው?» ካለ በኋላ ተመልሶ እንደሚተኛ ሰው።

«ስድስት ዓመት ሰው አገር ተምረሽ» አለ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ፣ «ብሎን ልትፈቺ መጣሽ?»

ታላቅ ወንድሜ ነበር። ክራቫቱን እንዳሰረ በቀጥታ ከቢሮው መምጣቱ ነው።

«እየፈታሁ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። «እያጠበቅሁ ነው።»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዙሪያዬን ባዶ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ከረጢትና የተረፉ ብሎኖች ሞልተውታል። መሐል ላይ በገዛ እጄ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል።

አባታችን ባረፈ በሁለተኛው ወር ነው የተመለስኩት። «ለመቼ ነው የምትሄጂው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ «እንጃ» እል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። ወንድሜ አንድ ቢሮ አስቀጠረኝ፤ በሦስተኛው ወር ለቀቅሁ። እኔ የተማርኩት ያልተሠራን ቤት እንደተሠራ አድርጎ ማሳየት ነው። ፕላኑን ተቀብዬ ግድግዳውን አቆማለሁ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አሳያለሁ። አንድ ተቋራጭ ሊፈትነኝ የባለ ሁለት ፎቅ ክሊኒክ ፕላን ሰጥቶኛል። «ዓርብ ሥራ ከመውጣቴ በፊት በሩን ከፍቼ የገባሁ እስኪመስለኝ አሳዪኝ» ብሎኛል። ስዕሉን ባሮጌው ላፕቶፔ ጨርሼዋለሁ፤ ብርሃኑንና ጥላውን ግን ላፕቶፑ አልችል ብሎ ይሰቀላል። ለዚህ ነው ይህን ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ የሰበሰብኩት።

አንዱን ዕቃ ብቻ አልገዛሁትም። ኃይል የሚሰጠውን ብረት፣ ፓወር ሰፕላዩን። እሱ የአባዬ ነው።

አባዬ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። በታይፕ ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ ጨረሰ። ሲሞት ሌላው ሁሉ ተሸጠ፤ ያ ከባድ ብረት ብቻ በነጠላ ተጠቅልሎ ከእማዬ አልጋ ሥር ቀረ። «ውሰጂው፤ አባትሽ በዚህ ስንቱን ከእስር አስፈትቷል» ብላ የሰጠችኝ እሷ ናት።

ወንድሜ ሰዓቱን አየ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው» አለ። «ስሚ። የሰነድ ክፍላችን ውስጥ ቦታ አለ፤ ለሰው ሳልሰጥ ይዤልሻለሁ። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ይሄ ነገር ከተነሳ አፌን እዘጋለሁ። ካልተነሳ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ትገቢያለሽ፤ ስለ ስዕልም ሁለተኛ አይወራም።»

«እሺ» አልኩ። ጥርጣሬዬ ተነስቶ ሳይይዘኝ በፊት ነው ያልኩት። እኔ ራሴን የምጠራጠር ሰው ነኝ፤ ቶሎ ካልተናገርኩ አልናገርም።

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች።

«በአባታችሁ ብረት ላይ ትወራረዳላችሁ? የሰው መሳቂያ!» ካለች በኋላ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወደ አትንኩት ውሰጂው።»

* * *

አትንኩት የሰው ስም አይደለም፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚጠራው። ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጎን፣ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከጠረጴዛው በላይ በካርቶን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አትንኩት» የሚል ተለጥፏል።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ታቅፌ ስገባ ቀና ብሎም አላየኝም። መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ ሰካና ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ። «ምንም ሳይዘሉ።»

«ምን?»

«የሆነውን ሁሉ። ጨርሰው እስኪነግሩኝ ዕቃ አልነካም።»

ከጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ጮኸች። «ንገሪው እናቴ! እኔን እንኳ ለአንድ ራዲዮ ከልጅነቴ ነው ያስጀመረኝ!»

«ዕቃ አይዋሽም» አለ እሱ፣ ሳይስቅ። «ባለቤት ነው የሚዋሽ። ‹ምንም አልነካሁትም› ያለኝ ሁሉ ነክቶታል።»

«እኔ ሁሉንም ነክቻለሁ» አልኩ። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ያኔ ቀና አለ። ዓይኖቹ የደከሙ፣ ግን ንቁ ነበሩ። ዓይኑ ፊቴ ላይ ሳይሆን እጄ ላይ አረፈ፤ ብሎን የፋቀው አውራ ጣቴ ላይ። ከዚያ ነው ፊቴን ያየው። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ፊቴን ቀድሞ ቢያይ ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው አይመስለኝም።

ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ክዳኑን አነሳ፤ ወዲያውም ቆመ። ፓወር ሰፕላዩን በጣቱ ደባበሰው። ጥግ ላይ በምስማር የተጫረች ትንሽ የመስቀለኛ ምልክት አለች። እኔ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ይሄን ከየት አገኙት?»

«የአባቴ ነው።»

«የጋሽ ጸሐፊ ልጅ ነዎት?»

መልሴን ሳይጠብቅ የተቀመጠበትን በርጩማ ከሥሩ አወጣ፣ በክንዱ ጠረገው፣ ወደ እኔ ገፋው። እሱ ቆመ።

«ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሳምንቴ ነው» አለ። «አባትዎ ኮምፒውተር ላይ እየጻፉ ይሄ ብረት ጨሰ። ሃያ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ የቀጠሮ ቀን ነው። እኔ ለራሴ ሥራ ፍለጋ ማመልከቻ ላስጽፍ ከኋላ ቆሜያለሁ። ‹ልሞክር?› አልኳቸው። ውስጡ የተቃጠሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ካፓሲተሮቹን፣ ነቅዬ በሌላ ቀየርኩ። በሰዓቱ ተነሳ። እሳቸውም በሰው ሁሉ ፊት ‹ይሄ እጅ ጾሙን አያድርም› አሉ። የእኔን ማመልከቻ ቀደዱትና የዚህችን ሱቅ ፈቃድ መጠየቂያ በነጻ ጻፉልኝ።» ምልክቷን ነካት። «ያን ቀን ጭሬ የተውኳት ናት። የመጀመሪያ ሥራዬ።»

ስለ አባዬ ያልሰማሁት ታሪክ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ስለዚህ ይሄን ተዪው» አለ፤ «እርስዎ» መንገድ ላይ እንደቀረች ልብ አልኩ። «ይሄን አውቀዋለሁ። ደህና ነው።»

ደህንነቱንም አሳየኝ። ብረቱን ብቻውን ሶኬት ላይ ሰካው፤ በተቆለመመች ሽቦ አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ አገናኘ። የብረቱ የራሱ ፋን ተነስቶ ዞረ፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ድሮው እያጉረመረመ። መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ቢጫው ገመድ ላይ አደረገ። አሥራ ሁለት ቮልት። ድንቅ!

ተያየን። አባዬ በሩን ከፍቶ የገባ ያህል ሁለታችንም ሳቅን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የእኛ ልብ ግን የማየት ፈቃድ አልነበረውም።

* * *

ረቡዕ «ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ተነካክቶ ይሆናል፣ በጣውላ ላይ እንዘርጋው» ስላለ የእማዬን ሽንኩርት መክተፊያ ይዤ ሄድኩ።

«መክተፊያዬን?» ብላ ነበር እማዬ። «ለኤሌክትሪክ? መልሰሽ ሳታጥቢ አምጪና አሳይሻለሁ!»

ሁሉንም ነቅለን መክተፊያው ላይ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀመጥን። ዋናውን ቦርድ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ አንድ ሚሞሪ። ሚሞሪውን በላጲስ አጸዳው። ፕሮሰሰሩን አንስቶ እግሮቹን በማጉያ መነጽር አየ። ማብሪያ ስለሌለ ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት እሾሆች በካቻቪቴ ጫፍ ማገናኘት ያስፈልጋል።

«ያዢው» ብሎ ካቻቪቴውን ሰጠኝ።

«እኔ?»

«የሠራሽው አንቺ አይደለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ የምትሰፋውን ትታ በሩ ላይ ቆመች። «ኧረ ጉድ! እኔ ለሰባት ዓመት ጎረቤቱ፣ አቧራ ልጠርግልህ ስለው እንኳ ‹አትንኩት› ነው የሚለኝ!»

ጆሮው ቀላ። እሾሆቹን አገናኘሁ።

ግማሽ ዙር።

«ደግመሽ» አለኝ፣ በቀስታ። ደገምኩ። እጄ እንዳይስት የእጄን አንጓ በሁለት ጣት ደግፎ ነበር። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ጣቶቹ ግን ወዲያው አልተነሱም። ሁለታችንም የቆመውን ፋን እናየው ጀመር፤ ብዙ የሚታይበት ይመስል።

«አይርብሽም?» አለ በመጨረሻ።

«ይርበኛል።»

«እንግዲህ እንብላ፤ ለተራበ ሰው ዕቃ አይታዘዝም።» ዳቦውን ለሁለት ቆረሰ። የሚበዛውን ወደ እኔ አደረገ፤ ያላየሁት መስሎታል።

ከሰዓት በኋላ የወንድሜ መኪና ፊት ለፊታችን ቆመች። መስታወቱ ወረደ።

«ግቢ መኪና ውስጥ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«በርጩማ ላይ? መንገድ ዳር? ሰው እያየሽ?»

«ይይ» አልኩ። «ለረጅም ጊዜ ማየት ከፈለገም ወንበሩን ይዞ ይምጣ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በጨርቅ ያዘች። ወንድሜ ወደ እሱ ዞረ። «አንተስ? የማይነሳ ዕቃ አስቀምጠህ የሰው ልጅ ቀን ታቃጥላለህ?»

«ጌታዬ» አለ እሱ በትሕትና፣ «እስካሁን የተቃጠለ ነገር የለም። እሱን አረጋግጠናል።»

መስታወቱ ወጣ። ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩበት ቦታ የእኔ ነው ያልኩት በዚያች አንድ እግሯ በሚወዛወዝ በርጩማ ላይ ነው።

* * *

ሐሙስ ከምሳ በፊት አትንኩት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ቦርዱ ሞቷል» አለ። «አዝናለሁ።»

ማዘርቦርዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ አንብቤ፣ አወዳድሬ። ሰው አገር ሳለሁ አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የመጣሁበት አገር፣ አነጋገሬ፣ ችኮላዬ። እዚህም ስመጣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሄዴ፣ መመለሴ። «እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ። የሰኞው ቢሮ ታየኝ፣ የሰነዱ መደርደሪያ፣ የወንድሜ ክራቫት።

«አይ» አልኩ።

«ምን አይ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ እኔ የገዛሁትን ሁሉ ስንጠራጠር ነው የዋልነው። አሁን አንተ ንገረኝ። ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳትዘል።»

«ምኑን?»

«ብረቱን የጠገንክበትን ቀን።»

ፈገግ ብሎ ጀመረ፤ ጭሱን፣ ሰልፉን፣ ካፓሲተሮቹን። እኔ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።

«ከዚያ ለካሁት። አሥራ ሁለት።»

«ምን ተሸክሞ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስትለካው ምን ይዞ ነበር? ማክሰኞ ስትለካውስ?»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ወረደ። «ፋኑን» አለ።

«ፋኑን ብቻ?»

ቴስተሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ ብረት አባትሽን አራት ዓመት አገልግሏል።»

«አባቴ ደብዳቤ ነው የጻፈበት። እኔ ቤት ልሠራበት ነው። በሌላ ፓወር ሰፕላይ እንሞክር።»

«ሌላ የለኝም» አለ። ግን ዓይኑ አመለጠው፤ ከጠረጴዛው ሥር የእሱ ኮምፒውተር እያጉረመረመ ነበር፣ የየዕቃውን ንድፍ የሚያይበት፣ እንጀራው። ያየበትን አየሁ። እንዳየሁም አየ።

«የእኔን እጅ አላመንሽውም ማለት ነው» አለ።

«አንተስ የእኔን አምነሃል? ‹የሠራሽው አንቺ ነሽ› አልከኝ እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ያፈረስከው የእኔን ነው። የአንተን አንድ ብሎን አልነካህም!»

«ጋሽ ጸሐፊ ያመኑበትን ነው ያልነካሁት!»

«አባቴን እኔም እወደዋለሁ!» ድምፄ ተሰነጠቀ። «ስለወደድኩት ነው ያልጠረጠርኩት። አንተ ግን ባለሙያ ነህ።»

ዕቃዬን በዘንቢል ሰብስቤ ወጣሁ። አልጠራኝም። መንገድ ላይ አላለቀስኩም፤ ቤት ደርሼ መክተፊያውን ሳጥብ ነው ያለቀስኩት፣ እሱም ትንሽ።

እማዬ አጠገቤ ቆማ መክተፊያውን ተቀበለችኝ። «በደንብ አጥበሽዋል» አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሱቅ ደወልኩ። አንዱ «ሰኞ ይገባል» አለ፤ ሌላው ስልኩን አላነሳም። አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ መጣ። በእጁ የቅጥር ፎርም ይዟል፤ ስሜን ሳይቀር ሞልቶልኛል።

«ሁለት ሰዓት ይቀራል» አልኩት።

«እኔ አልቸኩልም» ብሎ ተቀመጠ።

በሩ ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች። አትንኩት ቆሟል፤ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ቴስተር፣ በሌላው እንደተነቀለ ተክል ሥሩ የተንጠለጠለ አንድ ፓወር ሰፕላይ። የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ዓርብ በሰፈራችን የገበያ ቀን ነው፤ በገበያ ቀን እሱ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም።

«እንደምን አደሩ እማማ» አለ። «ልግባ?»

«ዕቃ ልትሸጥልን ነው?» አለ ወንድሜ።

«አይደለም፣ ጌታዬ። ልናገር ነው።» መሐል ላይ ቆመ። «ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳልዘል። ይሄን ብረት የጠገንኩት እኔ ነኝ። ሳይሸከም ለክቼ ‹ደህና ነው› ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ትናንት ነገረችኝ፤ አልሰማኋትም። ስለ ብረቱ ብዬ አይደለም፣ ስለ ራሴ ነው። ዛሬ በፊታችሁ ይለካ።»

ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የአባዬን ብረት ከቦርዱ ጋር አገናኘ፤ የቴስተሩን ጫፍ ቢጫው ገመድ ላይ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ንኪው» አለኝ።

ካቻቪቴውን አነሳሁ። እሾሆቹን አገናኘሁ። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ላይ ብቅ አለ፤ ወዲያው ስምንት ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ።

«ይኸው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቦርዱ ደህና ነበር። ልክ ነበርሽ።»

«ሞቷል?» አለች እማዬ፤ ብረቱን እያየች።

«አልሞተም፣ እማማ። ያኔ የተሠሩት ጉልበታቸው በቀዩ ገመድ ነው፣ በአምስት ቮልት። የእሷ አዲሱ ቦርድ ደግሞ በቢጫው ይጠይቃል። የሌለውን ሲጠይቁት ጊዜ ወደቀ እንጂ አልሰነፈም።»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «እንደ ባለቤቱ ነዋ» አለች። «እሱም አልችልም ማለት አያውቅም ነበር። እስኪወድቅ ድረስ።»

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የአትንኩትን ፓወር ሰፕላይ አገናኘን። በዚህኛው ጊዜ «ንኪው» አላለኝም፤ ዝም ብሎ ዓይኔን አየ። ነካሁት።

ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረ። ከዚያ ሙሉ ዙር። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። አንዲት አጭር ድምፅ ጢጥ አለች፤ ስክሪኑ በራ።

እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ የወንድሜን ፊት ስታይ ተወችው። ትንሽ ቆይታ ግን «ለምን እተዋለሁ?» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

«የሰው ዕቃ ነው» አለ ወንድሜ። «በውሰት የተነሳ አይቆጠርም።»

«አንተ ልጅ» አለች እማዬ። «‹ይሄ ነገር ከተነሳ› ነው ያልከው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባትህ ቢኖር ወረቀት ላይ ያስፈርምህ ነበር።»

ፎርሙን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። «አመሰግናለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም።»

ወንድሜ አትንኩትን ከጫማው እስከ ሸሚዙ አየው። «ይሄ ሰውዬስ?»

«እሱ ውርርዱ ውስጥ የለበትም።»

«ነገ ሰው ምን ይላል?»

«ነገ ሰው የሚለውን ነገ እሰማለሁ። ዛሬ ሥራ አለብኝ።»

ወንድሜ ወጣ። በሩን ግን አልወረወረውም፤ በእጁ ይዞ ነው የዘጋው።

«ልጄ» አለች እማዬ፣ «ወንበር ስጪው እንጂ። እንግዳ ይቆማል?»

ሥራዬን ጫንኩ። ክሊኒኩ በስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይሞላ ጀመር፤ መጀመሪያ ደረጃው፣ ቀጥሎ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ፀሐይዋ። እሱ ወንበሩ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል። አንዲት ዕቃ አልነካም።

«አንተስ እስከዚያ በምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ኮምፒውተርህን አውድመህ መጣህ።»

«እንጃ» አለ። «እዚያ ድረስ አላሰብኩም።»

ያኔ ነው ያወቅሁት። ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው የሚጀምር፣ አንዲት ነገር የማይዘል ሰው፣ መጨረሻውን ሳያስብ ወደ እኔ መጥቷል።

«ሰኞ ሱቅህ እመጣለሁ» አልኩ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ።

«ምን ተበላሸብሽ?»

«ምንም።»

ብርሃኑ ከኮሪደሩ ወደ ማቆያ ክፍሉ እስኪደርስ ስክሪኑን አየ።

«እንግዲያው» አለ፣ «በርጩማውን እግር አጠብቀዋለሁ።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስዕሉን ላክሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተቋራጩ ደወለ። ሰላምታም የለ፣ ምስጋናም የለ።

«የማዋለጃ ክፍሉን በር ወደ ውስጥ አድርጊው» አለኝ። «ስገባ መታኝ።»

* * *

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። አሁን የምሠራው ከቆርቆሮዋ ክፍል ጀርባ በቀጠልናት ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ከአትንኩት ጋር ቀለበት ስናስር ወንድሜ መጥቷል፤ ከኋላ ተቀምጦ፣ ብዙ ሳይናገር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ ብቅ አላለም። እኔም አልለመንኩትም።

«ለመቼ ነው የምትሄጂው?» የሚሉኝ አሁንም አሉ። «የት?» እላቸዋለሁ። መልስ ያመጣልኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት በሥራ መውጫ ሰዓት በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ወንድሜ ነው። በእጁ የሞተ ስልክ ይዟል።

«ከቢሮ ይደውሉልኛል፣ ባትሪዬ አልቆ...» አለ፤ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶታል።

ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለውና ግድግዳው ላይ ከተሰለፉት መሰኪያዎች አንዱ ላይ ሰካው። ስልኩ በራ። ወንድሜ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው፤ ከመሰኪያው ወደ ቀዩ ገመድ፣ ከቀዩ ገመድ በመደርደሪያው ላይ ወደተቀመጠው ከባድ ብረት፣ ጥግ ላይ ወደተጫረችው ምልክት። ፋኑ እያጉረመረመ ይዞራል።

እጁን ዘርግቶ አናቱ ላይ አሳረፈው። ከራሱ በላይ «አትንኩት» የሚለው ካርቶን ነበር። ማንም አልከለከለውም።

«ይሞቃል» አለ ወንድሜ።

«እየሠራ ነው» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ እጁን አላነሳም። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ የቢሮ ድምፁን ለብሶ፣ «ተሸክሞ ለክተኸዋል?» አለው።

ባለቤቴ ግድግዳውን በአገጩ አመለከተ።

«አሥራ አንድ ስልክ ይዟል» አለው። «የአንተ አሥራ ሁለተኛ ነው።»

እኔ በርጩማዬን ሳብኩና ለወንድሜ ገፋሁለት። እግሯ አይወዛወዝም።